እምቢ ስላልሽን እናመሰግናለን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽን መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ሌላው ይደርሳል። ያ ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? መነጽርሽን ቀይሪ ያለሽ ሐኪምስ ሰሚ አገኘ ወይስ እንደ እኔ ምክር በር ላይ ቀረ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ጠዋት ጠዋት የሰውን አጥር እየመረመሩ የሚዞሩበት የእግር ጉዟቸው ቀጥሏል? ልጅሽ፣ ምራትሽ፣ ያቺ ጥርስ አበቀለች ያልሽኝ ሕፃን፣ ሁሉም ደህና ናቸው? አንድ በአንድ ጠይቄሻለሁና አንድ በአንድ መልሺልኝ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በጅምላ እንዳታሳልፊኝ።

እኛ ደህና ነን። ሌላ ጊዜ ደህና ነን ስልሽ ግማሹን ዋጥ አድርጌ ነበር፤ ዛሬ ግን የዋጥኩት የለም። ልጄ ድምቢጥ በእንግሊዝኛው አልፋ ወደ መጨረሻው ክፍል ተዛውራለች። ማለፏን በስልክ ሰምተሻል፤ እንዴት እንዳለፈች ግን አልሰማሽም፣ ምክንያቱም አልሰማ አልሽኝ። ባለፈው እሑድ «እትዬ፣ እንዲያው እግዜር ይስጥልን» ብዬ ገና ስጀምር መስመሩ ተበላሸ ብለሽ ዘጋሽው። ማክሰኞም ምስጋናው ላይ ስንደርስ መስመሩ ተበላሸ። ስለ ሕፃኗ ጥርስ ስናወራ ግን ጥርት ብሎ ይሰማሽ ነበር። ልጅ ሆነን እንኳ እናታችን «ተባረኪ» ስትልሽ ወደ ጓሮ ትሮጪ ነበር። ስለዚህ ወረቀት ገዝቼ ተቀመጥኩ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ብትናደጂ አጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ እንጂ ሌላ ምንም ልታደርጊው አትችዪም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት የመጣ ቀን ድምቢጥ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆማ መግባት አቃታት። እንደ ስሟ ስትንጫጫ የምትገባ ልጅ ዝም ስትል የታመመች መሰለኝ። ሒሳቡም ሳይንሱም ደህና ነው፤ የእንግሊዝኛው ሥነ ጽሑፍና ድርሰት ግን ጉድ ነው። መምህሯ ከሥር በቀይ የጻፈችውን ራሷ ድምቢጥ ተረጎመችልኝ፤ «ታሪኩን ደህና አድርገሽ ነግረሽኛል፤ አንቺ ምን እንደምታስቢ ግን እስካሁን አላወቅሁም» ይላል። በዓመቱ መጨረሻ በዚህ ትምህርት ካላለፈች ክፍሉን ትደግማለች ተባልን።

መድገም እኔ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ታላቅ ወንድሟ አንድ ጊዜ ደገመ፤ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ አሳፈረውና ደብተሩን ጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ይሠራል፣ እናቱን ይደግፋል። ነገር ግን የትምህርት ቤት ደወል ሲሰማ ዛሬም ፊቱን ያዞራል። ድምቢጥ ነርስ እሆናለሁ የምትል ልጅ ናት። እሷም እንደ ወንድሟ ደብተሯን ስትጥል ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ታዲያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩልሽ። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምረሽ ጡረታ የወጣሽ ሴት፣ እኔ የሰውን ጭንቅላት ከውጭ እንጂ ከውስጥ ማስተካከል የማላውቅ ፀጉር አስተካካይ። አንድ ድርሰት ለአንቺ ምን አላት፣ አንቺ ጻፊላት፣ እሷ ትገልብጠው አልኩሽ። አንቺም «የሰው ወርቅ አያደምቅም። ዛሬ እኔ ብጽፍላት የፈተናው ቀን ማን ይቀመጥላታል፣ አንተ?» ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። ስንት ለመንኩሽ! ባይሆን መጀመሪያውን ጀምሪላት፣ ባይሆን መጨረሻውን ዝጊላት እያልኩ እንደ ገበያ ተከራከርኩሽ። ንቅንቅ አላልሽም።

ምን እንዳልኩሽ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ፤ «እህቴ ጡረታ ስትወጣ አንጀቷንም አብራ ጡረታ አወጣችው» እያልኩ ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ አማሁሽ። ያስቆመችኝ ባለቤቴ ናት። «እህትህን ስታማ የሰው ጆሮ ልትቆርጥ ነው» አለችኝ፤ እውነትም ያን ቀን አንዱን ምስኪን ጫር አድርጌው ነበር። እኔ ገና ኩርፊያዬን ሳልጨርስ አንቺው ደወልሽ። ስለ ጭቅጭቃችን አንድም ሳታነሺ «ልጅቷን አገናኘኝ፤ መጽሐፏን ይዛ ትምጣ» አልሽ።

ትምህርቱ ለምን ፀጉር ቤት እንደሆነ ጠይቀሽኝ በቅጡ አልመለስኩልሽም። ባለቤቴ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሌሊት ተራ ከገባች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ በእንግሊዝኛ መከራከር አይቻልም። ዋይፋዩም ያለው ፀጉር ቤቱ ነው። ስለዚህ ሦስተኛዋን ወንበር፣ ያቺን ማንሻዋ ተሰብሮ ዝቅ እንዳለች የቀረችውን፣ ለድምቢጥ ሰጠኋት። ስልኩን መስታወቱ ሥር ከማበጠሪያዎቹና ከአልኮል ጠርሙሱ መሀል ታስደግፈዋለች፤ እጇ መጻፍ ስላለበት ድምፁን ከፍ አድርጋ ትከፍተዋለች። አንቺ ግማሹን ጊዜ ጣሪያዬን ስታዪ ነው የከረምሽው። እኛ ግን አንቺን በደንብ ሰማንሽ፤ እኔም፣ ደንበኛውም፣ ተራ ጠባቂውም።

መልስ የምትሰጫት መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን መጠየቅ ብቻ! ስለዚያች በመጽሐፉ ውስጥ ስላለችው ሴት ጠየቅሻት፤ ድምቢጥ ጥሩ ሴት ናት አለችሽ፤ «ከየት አመጣሽው?» አልሻት። ባሏን ትወደዋለች አለችሽ፤ «ከየት አመጣሽው? ገጹን ንገሪኝ» አልሻት። ልጅቷ ላብ አጠመቃት፤ እኔም በመስታወቱ ውስጥ እያየኋት አብሬ ላበኝ። መጀመሪያ ላይ ጨካኝ ነሽ ብዬ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ሳትጠየቅ ራሷ ገጹን መግለጥ ጀመረች። ይቺ ጥያቄሽ ሰፈሩ ውስጥ ምን እንዳደረገች ብታዪ! ዛሬ እዚህ ዝናብ ይመጣል የሚል ሰው «ከየት አመጣኸው» ይባላል። እኔም ቤት ገብቼ ደከመኝ ስል ባለቤቴ ገጹን ንገረኝ ትለኛለች።

ይህን ደብዳቤ ጋሼ ከአንቺ ቀድመው እንደሚከፍቱት ስለማውቅ ታሪኩን ለእሳቸው ባጭሩ ልንገራቸው። ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ አለ፤ ሰውን ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ሲያሻግር የኖረ። ዓይኑ እየደከመ መጥቶ ጭራሽ ማየት አቆመ። ለሚስቱ አልነገራትም፤ ወንዙን በእጁ ያውቀዋልና ዝም ብሎ ይቀዝፋል። ሚስቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አውቃለች። እሷም አልነገረችውም። ከደጃቸው እስከ ወንዙ ድረስ ገመድ ወጠረችና ልብስ ላሰጣበት ነው አለችው፤ እሱም ገመዱን እየዳበሰ ሥራው ይወርዳል። አንድ ቀን ጀልባው ከነተሳፋሪው ተገለበጠ። የሞተ የለም፤ ቀዛፊው ግን ከዚያ ወዲያ መቅዘፊያ አልነካም። ለልጆቹ የተሰጠው ጥያቄ የሚስትየዋ ዝምታ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። እስቲ እርስዎም ይፍረዱ።

እኛ ጋ መጀመሪያ የፈረደው ጥሩምባ ነው። ጥሩምባን በድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ባለታክሲው፣ ጉሮሮው ከመኪናው የሚበልጠው። ያን ቀን ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና ነበር። ድምቢጥ ገጹን በአማርኛ ስታስረዳሽ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ፤ አንገቱ ላይ የታሰረው ጨርቅ እየተወዘወዘ «ይቺ ሴትዮ ወንጀለኛ ናት! ዓይኑ ለማያይ ሹፌር ሰው ታሳፍራለች? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ብሎ ጮኸ። አትክልት ሻጯ ጎረቤቴ ደግሞ ሚዛኗን ለአፍታ እንድጠብቅላት ልትነግረኝ ብቅ ብላ ነበር፤ ሚዛኑን ረሳችው። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ባሏ ሰው ፊት እንዳይዋረድ ነው! ዝም አይነቅዝም!» ብላ በሩ ላይ ቆማ መለሰችለት። እኔ ምላጭ ይዤ መሀል ቆሜያለሁ። ከማበጠሪያዎቹ መሀል የአንቺ ድምፅ «ማነህ አንተ? ገጹን ንገረኝ!» ሲል ሁላችንም ደነገጥን፤ ስልክ መኖሩንም ረስተነዋል። ጥሩምባ ቀጥ ብሎ ቆሞ «ጥሩምባ ነኝ» አለሽ፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ። አሁንም ስናስታውሰው እንስቃለን።

ከዚያ ወዲያ ፂም ሳይኖረው ልላጭ እያለ ይመጣ ጀመር። እንግሊዝኛ ስለማያነብ ድምቢጥ እየተረጎመች ታነብለታለች፤ አትክልት ሻጯም ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ጎራ ትላለች። ልጄን ከትምህርቷ ያዘናጓት መስሎኝ ላባርራቸው ስል አንቺ ተዋቸው አልሽኝ። ለእነሱ ስታስረዳ ራሷ እየገባት መሆኑን አንቺ ከሩቅ ሆነሽ አየሽ፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አላየሁም።

እዚህ ላይ የማልረሳትን ቀን ላንሣ። ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ሲነታረኩ ድምቢጥ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ቆይ፤ እዚህ ገመድ ላይ እኮ አንድም ቀን ልብስ ሲሰጣ አላየንም» አለች። ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። «ልብስ የማይሰጣበት ገመድ ከደጅ እስከ ወንዝ ተወጥሮ መንደሩ በየቀኑ ያያል። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም? ገብቷቸዋል። ገብቷቸው ነው የሚሳፈሩት። ታዲያ ዝም ያለችው ሚስቱ ብቻ ይመስል ለምን እሷ ላይ ብቻ እንፈርዳለን?» አለች። አንቺ ከየት አመጣሽው አልሻት። ገጹን ገለጠችና አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ወደ ጀልባው ስትወርድ ያንኑ ገመድ ይዛ የምትወርድበትን ቦታ አነበበችልሽ። እኔ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ልነካው ስል «ይህን መጽሐፍ ስንት ዓመት አስተማርኩት፤ ይህን ግን አላየሁትም» አልሽ። እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ጓደኛ ነው ያልሻት። ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ከፊቴ ከፊቴ ነበር የምትራመደው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ድርሰቱን ሳታስረክብ አላይም ብለሽ ነበርና ምን እንደጻፈች ከእኛም ከአንቺም ያየው የለም። መምህሯ ለተማሪዎቹ የሌሎች አንባቢዎችን አስተያየት ጨምሩበት ብላቸው ነበር። ለካ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን አንብቡ ማለቷ ነው። የእኔ ልጅ አንባቢ ሲባል የምታውቀው የፀጉር ቤቱን ሰው ነው። እናም በሚያምር እንግሊዝኛ፣ በአክብሮት፣ «አቶ ጥሩምባ እንደሚሉት» ብላ ጻፈች። ቀጥላ «አትክልት ሻጯ ግን በዚህ አይስማሙም» አለች። ከዚያ የሁለቱንም ሐሳብ አፍርሳ የገመዱን ነገር አመጣች።

ወላጅ ይምጣ ተብዬ ተጠራሁ። ፀጉር ቤቱን ዘግቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ መምህሯና ርዕሰ መምህሩ ተቀምጠዋል፤ ድምቢጥ ጥግ ላይ ቆማለች። የርዕሰ መምህሩን ማጅራት ሳይ የሆነ ሰው በመቀስ እንደበደላቸው ገባኝ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ዓይኔ ልማዱን አይተውም። መምህሯ ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ልጄንም እንደማትጠላ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «ይህ ድርሰት ከበፊቱ ጋር አይገናኝም፤ ሐሳቡ ከባድ ነው። ደግሞም አቶ ጥሩምባ የተባሉትን ምሁር በየመጽሐፉ ፈልጌ አጣኋቸው» አለችኝ። እትዬ ሙች፣ ሳቄም እንባዬም እኩል መጡብኝ።

ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቁም። ሌላ ሰው ጽፎላት ከሆነ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ክፍሉን መድገም ነው አሉ። ድምቢጥ «ራሴ ነኝ የጻፍኩት» ለማለት ሞክራ ድምጿ መሀል ላይ ቀረ። ወንድሟ ደብተሩን የጣለ ቀን የነበረው ፊቱ ነው የመጣብኝ።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። «ማንም አልጻፈላትም። ይጻፍላት ብዬ የለመንኩ እኔ ነኝ፤ እህቴ እምቢ አለችኝ። ብትፈልጉ ደውሉላትና ጠይቋት፤ እሷ ግን መልሳ እናንተኑ ትጠይቃችኋለች» አልኩ። አንዲት መስመር ጽፈሽላት ቢሆን ኖሮ እዚያ ቢሮ ምን እል ነበር? ወይ ልጄ ፊት እዋሻለሁ፣ ወይ ልጄን በገዛ አፌ እጥላታለሁ። ያን ሁሉ ቀን የረገምኩት እምቢታሽ ቀና ብዬ እንድናገር አደረገኝ። ያኔ ነው በልቤ ይቅር በዪኝ ያልኩሽ፤ አሁን ደግሞ በጽሑፍ እልሻለሁ።

መምህሯ ትንሽ አሰበችና መልካም ነገር አመጣች። ድምቢጥ ከዚህ በፊት ያላነበበችው የሌላ ታሪክ አንድ ገጽ ይሰጣትና እዚያው ትጻፍ፤ እንይ አለች። ልጄ ወደ ክፍሉ ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ባለቤቴ እንቅልፍ በጠገበ ሳይሆን በተራበ ዓይን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄንም ያዘችኝ። ልደውልልሽ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ብደውልልሽስ? ከእጇ እስክሪብቶውን የማትወስጂ ሴት፣ ከእኔ ጭንቀቱን ትወስጂልኝ ነበር?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ከውጭ የታወቀ ድምፅ ሰማሁ። ጥሩምባ ነው፤ ከኋላው አትክልት ሻጯ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ እየተከተለችው። ለምን እንደዘጋሁ ሰምተው ለምስክርነት መምጣታቸው ነው። መምህሯ ማን ነው የሚጮኸው ብላ ከክፍሉ ብቅ ስትል ጥሩምባ ባርኔጣውን አውልቆ «የተከበሩ መምህር፣ አቶ ጥሩምባ ማለት እኔ ነኝ!» አላት። አትክልት ሻጯም «እኔ ደግሞ የማልስማማው ነኝ» አለች። መምህሯ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲቀመጡና ዝም እንዲሉ ለመነቻቸው፤ አትክልት ሻጯ ተቀመጠች፣ ጥሩምባ ዝም ለማለት ሞከረ።

ድምቢጥ ስትጨርስ መምህሯ ወረቀቱን እዚያው ቆማ አነበበችው፤ መልሳም አነበበችው። ወደ እኛ መጥታ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጠችና ስህተት እንዳለበት፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገርም ገና እንደሚንገዳገድ ነገረችን። «ግን የአካሄዷ ነገር ከበፊቱ ጋር አንድ ነው። አንድ ነገር ትላለች፣ ከዚያ ከየት አመጣሁት ብላ ራሷን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ገጹ ላይ ሄዳ ታሳያለች። እንዲህ የሚያስብ ሌላ ተማሪ የለኝም። ድርሰቱ የራሷ ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችና ድምቢጥን በዓይኗ ይቅርታ ጠየቀች። በአቶ ጥሩምባ ምክንያት ግን ጥቂት ነጥብ እንደምትቀንስ፣ ለወደፊቱም ቤተ መጻሕፍቱን እንድትጠቀም አሳሰበች። ጥሩምባ ይህን ሲሰማ ይግባኝ ሊል ነበር፤ አትክልት ሻጯ ጎሸም አድርጋው ተወ። ርዕሰ መምህሩም ወጥተው እጄን ጨበጡኝ። እኔም ማጅራታቸውን በነፃ ላስተካክልላቸው ቃል ገብቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ መጥተው አሳምሬያቸዋለሁ።

እነሆ የዓመቱ መጨረሻ ፈተናም አለፈ። አንደኛ አልወጣችም፤ እንዳታጋኚው። ከመሀል ከፍ ያለ ውጤት ነው፤ ግን ላቡ የራሷ ነው። ወንድሟ ከመንገድ ሲመለስ ካርዷን ደጋግሞ አየና አዲስ ቦርሳ ገዝቶላት መጣ። ልጅቷም የድሮዋ ልጅ አይደለችም። የምታስበውን ትናገራለች፤ ብንከራከራት ትመልሳለች፤ እራት ላይ እንኳ ማስረጃ ትጠይቀናለች። እናቷ «ለእህትህ ንገራት፣ ልጄን አስተምራ መልሳልኛለች፤ አፏን ግን ሁለት አድርጋ ነው የመለሰችው» ብላሻለች። ይህን ስትል እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

ትናንት ደግሞ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የጻፈችው ወረቀት ተመለሰላት። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ስላልነበረ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ተርጉሚልኝ አልኳት። ከላይ ጀምራ እየቆመች፣ ቃል እየፈለገች ተረጎመችልኝ። መጨረሻ ላይ መምህሯ ማን እንደረዳት እንድትጽፍ አዝዛት ኖሮ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ። እነሱ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለችና አንተ ራስህ አንብበው አለችኝ። ፊደሉን እየቆጠርኩ ሞከርኩ፤ አቃተኝ፤ ከዚያ አነበበችልኝ። «የአባቴ እህት ረድታኛለች። አንድም መስመር አልጻፈችልኝም» ይላል።

እትዬ፣ ፎጣ ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። እኔ እንድትከለክዪኝ አልፈለግሁም ነበር፤ ልጄ ግን ክልከላሽን ከእርዳታ ሁሉ በላይ ቆጠረችው። እኔ ከዚህ በላይ የምጨምረው ምስጋና የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይባረክ፣ የሰበሰብሽውም እጅሽ ይባረክ።

ጋሼን አንገታቸውን እቀፊልኝ፤ ፍርዳቸውንም በጽሑፍ ይላኩልኝ፣ ጥሩምባ እየጠበቀ ነው። ልጅሽን፣ ምራትሽን፣ ሕፃኗንም በዚያች አዲስ ጥርሷ ላይ ሳሚልኝ። ባለቤቴ እጅ ነስታለች። ልጄ ረዳቱ ከመንገድ ሆኖ ሰላም ብሎሻል። ጥሩምባና አትክልት ሻጯ በየበኩላቸው ሰላምታ ልከዋል፤ በአንድነት ለመላክ ስላልተስማሙ ነው። ድምቢጥ ደግሞ ለአንቺ የሚጻፈውን ራሴ እጽፋለሁ ብላ የእሷን ከልክላኛለች።

የዘወትር አክባሪሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ ሦስተኛዋ ወንበር ላይ
ሰኔ ፳፰ ቀን